ያለ ሻምፑ ፀጉርን መታጠብ፦ የሚያጸዳውና የሚጎዳው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው። ፀጉሬ ጥቅልል ነው፤ ጫፉ ደረቅ ሲሆን ሥሩ ግን በታጠብኩ በሁለተኛው ቀን ወዝ ይይዛል። ሻምፑ የራስ ቆዳን እያደረቀ ብዙ ወዝ እንዲያመነጭ እንደሚያደርገው፣ ከተተወ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ራሱን እንደሚያስተካክል አንብቤ ሻምፑ ካቆምኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። በየሳምንቱ በቤኪንግ ሶዳ እታጠባለሁ፤ ከዚያ በሎሚ ውሃ አለቀልቃለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራስ ቆዳዬን የወይራ ዘይት እቀባለሁ። አሁን ፀጉሬ ይሰባበራል፣ ራሴን ያሳክከኛል፣ ፎረፎር የሚመስል ቅርፊትም ያራግፋል። ይህ የመሸጋገሪያ ጊዜ የሚባለው ነው? ልታገሥ ወይስ ወደ ሌላ የተፈጥሮ ነገር ልቀይር? ወደ ሻምፑ መመለስ አልፈልግም።»

ምላሽ፦

የሚታይብዎት ነገር የመሸጋገሪያ ጊዜ አይደለም። ሦስት ወር ሊሞላው በተቃረበ ጊዜ ውስጥ የሚያሳክክና ቅርፊት የሚያራግፍ የራስ ቆዳ የተቆጣ ቆዳ ነው፤ በመታገሥ አይድንም። ቤኪንግ ሶዳውን፣ የሎሚ ውሃውንና የማታውን የወይራ ዘይት ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ያለ ሻምፑ መታጠብ ይቻላል ወይ ለሚለው ግን መልሴ ይቻላል ነው፤ ሆኖም ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም፣ «የተፈጥሮ» የተባለ ነገር ሁሉም አያጥብም። በእርስዎ ሁኔታ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ቆዳው ይታከማል፣ መታጠቢያው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

ስንታጠብ ከራሳችን ላይ የምናስወግደው ምን እንደሆነ ካልታወቀ ስለ መታጠቢያው መነጋገር አይቻልም። ከእያንዳንዱ የፀጉር ሥር ጎን የወዝ እጢ አለ። ከእጢው የሚወጣው ወዝ ትራይግሊሰራይድ ከሚባለው ቅባት፣ ከሰም መሰል ቅባቶችና ስኳሊን ከሚባል ዘይት የተሠራ ድብልቅ ነው። በዚህ ላይ ላብ፣ የረገፈ የቆዳ ሕዋስ፣ አቧራና ከውጭ የተቀባነው ቅባት ይደረባል። ላቡንና ጨዉን፣ ከአቧራውም አብዛኛውን ንጹሕ ውሃ ብቻውን ያወርደዋል፤ ወዙን ግን ውሃ አያሟሟውም። ወዝን ለማንሣት ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ በአንድ ጫፉ ውሃን፣ በሌላው ጫፉ ቅባትን የሚይዝ አጣቢ ንጥረ ነገር መጠቀም ሲሆን፣ ሻምፑም ሳሙናም ሳፖኒን የሚባል የሚያረፋ ንጥረ ነገር ያላቸው ተክሎችም የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ወዙን በደቃቅ ዱቄት ወይም በሸክላ አፈር ማስመጠጥ ነው። ሦስተኛው በሌላ ዘይት ማሟሟት ነው፤ ይህኛው ግን የተቀባውን ዘይት መልሶ የሚያወጣ ሌላ ነገር ስለሚፈልግ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ከሦስቱ አንዱንም የማያደርግ ነገር ፀጉርን ሊያለሰልስ ወይም ጥሩ ጠረን ሊሰጠው ይችላል እንጂ አያጥበውም።

ሻምፑ ቆዳውን ያደርቃል፣ እጢውም ለማካካስ ወዝ ያበዛል፣ ሻምፑ ሲቀር ይረጋጋል የሚለው ያነበቡት ሐሳብ በሰፊው ቢሰራጭም ከእጢው አሠራር ጋር አይገጥምም። የወዝ እጢን ሥራ በዋናነት የሚመሩት አንድሮጅን የሚባሉ ሆርሞኖች ናቸው፤ ወዝ በጉርምስና የሚበዛውና ሴቶች ካረጡ በኋላ የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ ሌላ ከወላጅ የሚወረስ ባሕርይና አንዳንድ መድኃኒቶች ድርሻ አላቸው። ፀጉርዎን በየቀኑም ታጠቡት በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እጢው የሚሠራው በሆርሞኖቹ ልክ ነው። በታጠቡ ማግሥት ቶሎ ወዝ የታየ የሚመስለውም እጢው ስለፈጠነ ሳይሆን፣ ንጹሕ ፀጉር ላይ ትንሽ ወዝ እንኳ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ሆኖም «ከሁለት ወር በኋላ ፀጉሬ ተስተካከለልኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ውሸታቸውን አይደለም። ብዙዎቹ አስቀድመው ይጠቀሙበት የነበረው ሻምፑ ለፀጉራቸው ዓይነት እጅግ ኃይለኛ ነበር፤ እሱን መተው ብቻውን የፀጉራቸውን ጫፍ ያሳርፈዋል። ሻምፑውን ከተዉ በኋላ ማበጠር ያዘወትራሉ፤ ማበጠሩ ወዙን ከሥር ወደ ጫፍ ያዳርሰዋል። በዚያው ሰሞን የሞቀ ማድረቂያና የፀጉር መተኮሻም ይተዋሉ። የወዙንም ስሜት ይለምዱታል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ እጢው ተማረ ማለት ግን አይደለም። ልዩነቱ ለእርስዎ ዋጋ ያለው የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ እጢው የሚማር ቢሆን ኖሮ መጠበቅ ትርጉም ይኖረው ነበር።

የፀጉርዎ ቅርጽ ራሱ ደግሞ ከጥያቄዎ ብዙውን ይመልሳል። በዞማ ፀጉር ላይ ወዙ ከሥር ወደ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል። በጥቅልል ፀጉር ላይ ግን በየመጠምዘዣው እየተያዘ ከሥር ይጠራቀማል፣ ጫፉም ሳይደርሰው ይቀራል። ስለዚህ ሥሩ ወዛም ጫፉ ደረቅ መሆኑ ሻምፑ ያመጣው መዛባት ሳይሆን የጥቅልል ፀጉር ባሕርይ ነው። ይህን የተቀበለ ሰው ለሥሩና ለጫፉ አንድ ዓይነት ነገር አይፈልግም፤ የራስ ቆዳውን ያጥባል፣ የፀጉሩን ርዝመት ደግሞ ከመታጠቡ ጉዳት ይጠብቃል። ያለ ሻምፑ ስለ መታጠብ የሚሰጡ አብዛኞቹ ምክሮች የሚሳሳቱት ሁለቱን ስለሚያደባልቁ ነው።

ስለ ሻምፑ ራሱ ያለውን ፍርሃት በአጭሩ ላንሣ። ሻምፑ አንድ ነገር አይደለም። ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት የሚባለው አጣቢ ኃይለኛና ቆዳን የሚያስቆጣ መሆኑ እውነት ነው፤ ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። ከዚህ በጣም የለዘቡ አጣቢዎችን የያዙ ሻምፑዎችም አሉ። ይልቅ ሊፈሩ የሚገባቸው ለአለርጂ የሚዳርጉት ናቸው፤ እነሱም ሽቶዎች፣ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው መከላከያ ኬሚካልና ፎርማልዴሃይድ ቀስ በቀስ የሚለቁ መከላከያዎች ናቸው። ሻምፑ በተጠቀሙ ቁጥር ግንባርዎ፣ ጆሮዎና የአንገትዎ ጎን የሚቀላና የሚያሳክክ ከሆነ ከሻምፑ ለመሸሽ በቂ ምክንያት አለዎት፤ ነገር ግን የሚሸሹት ከአንድ ንጥረ ነገር ነው፣ የትኛው እንደሆነም በቆዳ ሐኪም ዘንድ በሚደረግ የፕላስተር ምርመራ ይለያል። ሳይለዩ ወደ «ተፈጥሯዊ» ምርት መሄድ ከአንዱ አለርጂ ወደ ሌላው ሊወስድ ይችላል፤ ከተክል የሚጨመቁ ሽታ ያላቸው ዘይቶች ራሳቸው ከታወቁት የአለርጂ መነሻዎች መካከል ናቸውና።

አሁን ወደ ቤኪንግ ሶዳው። ጤናማ የራስ ቆዳ አሲድነት በፒኤች መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ የሚበዛ፣ ከ7 ሲያልፍ አልካላይን የሚባል) 5.5 አካባቢ ነው፤ የፀጉሩ ዘንግ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ 3.7 ይጠጋል። በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ 8.3 አካባቢ ነው። የፒኤች መለኪያ በየአንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሚጨምር፣ በቆዳውና በቤኪንግ ሶዳው መካከል ያለው ልዩነት ከ500 እጥፍ በላይ ነው። የፀጉር ዘንግ የላይኛው ክፍል እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ በሌላው ላይ በተደራረቡ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ፀጉሩ አልካላይን ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ቅርፊቶቹ ከፍ ከፍ ይላሉ፣ በፀጉሮቹ ገጽ ላይ ያለው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙልም ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ፀጉሮቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ይጠላለፋሉ፣ ሲበጠሩም ይሰበራሉ። እርጥብ ፀጉር ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ የሚለጠጥና የሚበጠስ በመሆኑ ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያው በመታጠቢያው ሰዓት ነው። ጥቅልል ፀጉር ደግሞ በየመጠምዘዣው ላይ ከመጀመሪያውም ደካማ ስለሆነ ከዞማው ቀድሞ ይጎዳል። ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የተለሰለሰ ፀጉር ከሆነማ ቤኪንግ ሶዳ ጨርሶ ሊነካው አይገባም።

«ሎሚው የቤኪንግ ሶዳውን ጉዳት ይመልሰዋል» የሚለው እምነትም መታረም አለበት። አሲድ ያለው ውሃ ከፍ ያሉትን ቅርፊቶች በመጠኑ ያስተኛቸዋል፤ የተሰበረውን ግን አይጠግንም። ፀጉርን በየሳምንቱ ከአልካላይን ወደ አሲድ ማመላለስ ደግሞ ማሳበጥና ማኮማተርን መደጋገም ነው። አንዳንዶች ሁለቱን በአንድ ዕቃ ቀላቅለው ሲያረፋ በማየት ኃይሉ የጨመረ ይመስላቸዋል። ያ አረፋ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠፋፉ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሥር የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ አንዳች የማጠብ ኃይል የለውም።

የሎሚ ጭማቂ ሌላም አደጋ አለው፣ እሱም ከሁሉም ይልቅ የማሳስብበት ነው። ፒኤቹ ከ2 እስከ 3 ያህል በመሆኑ የተቆጣ ቆዳን ያቃጥላል። ከዚህ በተጨማሪ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ በቆዳ ላይ እያሉ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው መቅላት፣ ማቃጠልና ውሃ መቋጠር ያስከትላሉ፣ ከዳኑም በኋላ ለወራት የማይጠፋ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጭማቂው በፈሰሰበት መስመር፣ በግንባር፣ በጆሮ ጀርባና በአንገት ላይ ነው። ሎሚው የተፈጥሮ ነው፤ ቃጠሎውም እንዲሁ የተፈጥሮ ነው። አሲዳማ ማለቅለቂያ የግድ ከፈለጉ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተራ ኮምጣጤ በግማሽ ሊትር ውሃ አቅጥነው፣ በፀጉሩ ርዝመት ላይ ብቻ አፍስሰው ወዲያው በውሃ ያለቅልቁ። ይህም የሚጠቅመው ፀጉሩን ለማለስለስና ሳሙና የተወውን ዝቃጭ ለማንሣት ነው እንጂ አያጥብም። ቆዳዎ እስኪድን ድረስ ግን እሱንም ይተዉት።

ሦስተኛው ነገር የወይራ ዘይቱ ነው፤ የቅርፊቱና የማሳከኩ ዋና ምክንያት እሱ ይመስለኛል። በማንኛውም ሰው የራስ ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የሚባል የእርሾ ዓይነት ፈንገስ ይኖራል። ይህ ፈንገስ የሚያስፈልገውን ቅባት ራሱ መሥራት ስለማይችል የሚኖረው በወዛችን ነው፤ ትራይግሊሰራይዱን ሰባብሮ ከፊሉን ይወስዳል፣ ኦሊይክ አሲድን የመሰሉትን ደግሞ በቆዳው ላይ ይተዋል። ኦሊይክ አሲድ ወደ ቆዳው የላይኛ ንጣፍ ይገባና ለዚህ ዝንባሌ ባላቸው ሰዎች ላይ ቆዳውን ያስቆጣል፤ የቆዳው ሕዋሳትም ከጊዜያቸው በፊት እየተላጡ በቅርፊት መልክ ይረግፋሉ። ፎረፎር የምንለው ይህ ነው፤ ሲበረታና ሲቀላ ሴቦሪክ ደርማታይተስ ይባላል። የወይራ ዘይት አብዛኛው ክፍል ኦሊይክ አሲድ ነው። ማታ ማታ የራስ ቆዳን በእሱ መቀባት ፈንገሱን መቀለብና የሚያስቆጣውንም ነገር በቀጥታ መጨመር ነው። ቅርፊቱን «ድርቀት ነው» ብሎ ዘይት መጨመር በክሊኒክ ከማያቸው ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው፤ ዘይቱ ቅርፊቱን ለጊዜው አጣብቆ ስለሚደብቀው የተሻለው ይመስላል፣ በሦስተኛው ቀን ግን በዝቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ያለብዎት ነገር በጣም የሚመስለው በቤኪንግ ሶዳና በሎሚ የተባባሰ ፎረፎር ነው። ለዚህ የሚሆነው ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ያለበት የፀጉር መድኃኒት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በሦስት ቀን ልዩነት፣ እርጥብ በሆነ የራስ ቆዳ ላይ ብቻ በጣት ጫፍ አዳርሰው፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይተው በደንብ ያለቅልቁት፤ ይህንንም እስከ 4 ሳምንት ይቀጥሉ። የፀጉርዎ ርዝመት እንዳይደርቅ መድኃኒቱን ከመቀባትዎ በፊት ጫፉን ኮንዲሽነር ይቀቡት። ፀጉርዎ እጅግ ደረቅ ሆኖ ሁለት ጊዜው ከከበደው በሳምንት አንድ ጊዜ ያድርጉት፤ ውጤቱ ቢዘገይም ይመጣል። ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበትም ይሠራል፤ ቀለም የተቀባ ፀጉርን ቀለም ሊለውጥ ስለሚችል ግን ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ሁለቱንም ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ወደ ሻምፑ መመለስ እንደማይፈልጉ ጽፈዋል፤ ይህ መድኃኒት በሻምፑ መልክ መቀመሙ ሊያስቀይምዎት ይችላል። በቆዳው ላይ ደቂቃዎች ቆይቶ ፈንገሱን የሚቀንስና ከዚያ የሚታጠብ መድኃኒት አድርገው ቢያዩት ይሻላል፤ የሚወስዱትም ለተወሰነ ጊዜ ነው። ይህን የሚተካ ከተክል የተገኘ ነገር አለ ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ 5 በመቶ የሻይ ዛፍ ዘይት የተቀላቀለበት መታጠቢያ ለቀላል ፎረፎር መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ታይቷል። እሱም ሻምፑ ነው። ዘይቱን ሳያቀጥኑ በቆዳ ላይ ማፍሰስ ደግሞ አለርጂ ያመጣልና አይሞክሩት።

ቆዳው ድኖ፣ ማሳከኩና ቅርፊቱ ከጠፉ በኋላ አሁንም ያለ ሻምፑ መኖር የሚፈልጉ ከሆነ ያሉዎት ምርጫዎች እኩል አይደሉም። በውሃ ብቻ መታጠብ ከሁሉም ቀላሉና ጉዳት የሌለው ነው፤ ወዙ ጥቂት ለሆነ፣ ፀጉሩ አጭር ለሆነና ቅባት ለማይቀባ ሰው ሊበቃው ይችላል። ውሃው ከሰውነት ሙቀት ያልራቀ ለብ ያለ ይሁን፤ የራስ ቆዳውን በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ ለጥቂት ደቂቃዎች እያሹ መታጠብ የተላጠውን ሕዋስና ከወዙም የላይ የላዩን ያነሣል። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን በውሃ ብቻ ከቆየ መመለሱ አይቀርም፤ እርስዎም ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ስለሆኑ ውሃ ብቻውን አይበቃዎትም።

ሸክላ አፈር የተሻለ አማራጭ ነው። ቤንቶናይት የሚባለው ዓይነትና የሱ ቤተሰቦች ወዝን በደንብ ይመጥጣሉ፤ እንደ ኃይለኛ ሻምፑ ፀጉሩን አራቁተው አይተዉትም። በውሃ በጥብጠው የሚፈስ ወጥ ውሁድ ካደረጉት በኋላ በረጠበ የራስ ቆዳ ላይ በክፍል በክፍል ይቀቡት፣ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ያቆዩት፣ ሳይደርቅ ብዙ ውሃ እያፈሰሱ ያለቅልቁት። ከደረቀ ፀጉሩን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ሲያወጡትም ይሰብረዋል። ጥቅልልና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላይ ትልቁ ችግር ማለቅለቁ ነው፤ የቀረ ሸክላ ከወዝ ጋር ተጣብቆ ሌላ ቅርፊት ይመስላል። ዱቄቱን ሲበጠብጡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። የሚጠቀሙበትም ለቆዳ ተብሎ የተዘጋጀ ይሁን፤ ከመሬት የተቆፈረ አፈር ጀርምና እንደ እርሳስ ያለ ጎጂ ብረት ሊኖርበት ይችላል።

ሳፖኒን ያላቸው ተክሎች በእውነት የሚያጥቡ ብቸኞቹ ተክሎች ናቸው ማለት ይቻላል። ሳፒንደስ የሚባለው ዛፍ ፍሬ ልጣጭና ሺካካይ የሚባለው ተክል ተቀቅለው የሚሰጡት ውሃ ጥቂት ያረፋል፣ ወዝንም ያነሣል፤ የልጣጩ ውሃ አሲዳማ ስለሆነ እንደ ሳሙና ፀጉሩን አያሳብጠውም። ሦስት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ያቃጥላል፤ ራስን ወደ ኋላ አዘንብሎ መታጠብ ያስፈልጋል። መከላከያ ስለሌለው የተቀቀለው ውሃ ቶሎ ይበላሻል፤ በማቀዝቀዣ አስቀምጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱት፣ ሽታው ወይም መልኩ ከተለወጠ ይድፉት። ጥንካሬውም በየቅቅሉ ስለሚለያይ አቅጥኖ መጀመር ይሻላል። እንዶድም ሳፖኒን የበዛበት ተክል ነው፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል ብርቱ ተክል በመሆኑ፣ ዱቄቱም ዓይንንና አፍንጫን ስለሚያስቆጣ ለራስ ቆዳ፣ ይልቁንም ለተቆጣ ቆዳ፣ አልመክረውም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። የእህል ዱቄቶች ጥቂት ወዝ ይመጥጣሉ፤ ከጥቅልል ፀጉር ላይ የማውጣታቸው ችግር ግን ከጥቅማቸው ይበልጣል። እንቁላል በአስኳሉ ውስጥ ባለው ሌሲቲን ትንሽ ያጥባል፤ ሙቅ ውሃ ካገኘው በፀጉር ላይ ይበስላል፣ ፕሮቲኑም ትልቅ ስለሆነ ወደ ዘንጉ ገብቶ አይመግበውም። እሬትና የተልባ ውሃ ፀጉሩን ይሸፍናሉ፣ ያለሰልሳሉ፣ አያጥቡም፤ ከእሬቱ ልጣጭ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ተጠርጎ መውጣት አለበት። በእጅ የተሠራ «ተፈጥሯዊ» ሳሙና ከሁሉም የከፋው ነው ማለት እችላለሁ፤ ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 ያህል ነው፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ሲያገኘውም በፀጉሩ ላይ የሚጣበቅ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሰው ሠራሽ አጣቢ የተሠሩ ሻምፑዎች ሳሙናን ከፀጉር ላይ ያስወጡት ይህን ዝቃጭ ስለማይተዉ ነው፤ ሻምፑን በሳሙና መተካት ወደዚያው ችግር መመለስ ነው።

በኮንዲሽነር ብቻ መታጠብ የሚባለውን ብዙ ሰው ከተፈጥሮ መንገዶች ጋር ይቆጥረዋል። ኮንዲሽነር እንደ ሻምፑው ሁሉ የፋብሪካ ምርት ነው፤ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ለዘብተኛ አጣቢዎች ጥቂት ወዝ ስለሚያነሡ ለደረቅና ጥቅልል ፀጉር ርዝመት ከሁሉም ይስማማል። ፎረፎር ያለበትን የራስ ቆዳ በእሱ ብቻ ማጠብ ግን አይበቃም።

ስለዚህ ለእርስዎ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። መድኃኒቱን እስከ 4 ሳምንት ይጨርሱ። በዚህ ጊዜ በራስ ቆዳዎ ላይ ዘይት፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ሸክላ ወይም ሌላ ምንም ነገር አይጨምሩ፤ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ከተሞከረ የጠቀመው ከጎዳው አይለይም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የራስ ቆዳዎን በሸክላ ወይም በሳፒንደስ ውሃ ይታጠቡ፣ ሁለቱን ሳያፈራርቁ አንዱን መርጠው ቢያንስ ሁለት ወር ይቆዩበት። ፎረፎር የመመለስ ጠባይ ስላለው በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ይጠቀሙ። ይህ ማለት ሙሉ በሙሉ ያለ ሻምፑ መኖር አይችሉም ማለት ነው፤ ፎረፎር ያለባት ሴት ያለ እሱ ትቆያለች ብዬ ልሸነግልዎት አልፈልግም። በተቀሩት ሳምንታት ግን የሚፈልጉትን ያገኛሉ። በየሁለት ሳምንቱ የምትመጣዋን አንዲት ቀን እንኳ ካልፈለጓት፣ ቅርፊቱ ሲመለስ ሳይዘገዩ ወደ መድኃኒቱ እንደሚመለሱ ቢያንስ ለራስዎ ይወስኑ።

ዘይት ከወደዱ ለጫፉ ያቆዩት። የኮኮናት ዘይት ሎሪክ አሲድ ስለበዛበት ወደ ፀጉሩ ዘንግ የመግባት ችሎታ አለው፤ ከመታጠብ በፊት ከጆሮ በታች ባለው ርዝመት ላይ ሲቀባ ፀጉሩ በውሃ የሚያብጠውን ይቀንሳል፣ የሚያጣውንም ፕሮቲን ያሳንሳል። የራስ ቆዳ ላይ ግን ይህም ዘይት ፈንገሱን ይቀልባል። አስቀድሞ የተሰበረው ጫፍ በምንም ቅባት አይጠገንም፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ የተጎዳውን ትንሽ በትንሹ እየቆረጡ ማሳደግ ነው የሚሻለው። ሲታጠቡ ብዙ ፀጉር ቢወጣ አይደንግጡ፤ ከማንኛውም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፋል፣ በሳምንት አንዴ የሚታጠብና በጥቅልሉ ውስጥ የረገፈውን ይዞ የሚቆይ ፀጉር ደግሞ የሳምንቱን በአንድ ቀን ይለቃል።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ቆዳዎን ሳላይ በመሆኑ ወሰን አለው። እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ መግል፣ የሚያም እብጠት፣ በአንገት ጀርባ ያበጠ ንፍፊት ወይም ከፀጉሩ መስመር አልፎ የሚወጣ ወፍራም ብርማ ቅርፊት ካለ መድኃኒቱን በራስዎ አይጀምሩ፤ ጭርት ወይም ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላልና በሐኪም ይታዩ። የራስ ቆዳ ጭርት በተለይ በልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ነጩ ነገር ሲነኩት የማይረግፍ፣ ከፀጉሩ ዘንግ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ቅጫም እንጂ ፎረፎር አይደለም፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር መድኃኒቱን እንደተባለው 4 ሳምንት ተጠቅመው ማሳከኩ ካልቀነሰ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ሲሄዱም በእነዚህ ወራት በራስዎ ላይ ያደረጉትን ነገር ሁሉ፣ ቅባቱንና የፀጉር ማስያዣውንም ጭምር፣ ዘርዝረው ጽፈው ይያዙ።